«ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ዓመት በዚህ ሳምንት ቤታችን ለሁለት ደስታ ይሰናዳ ነበር። አንዱ እንቁጣጣሽ ነው፤ ሌላው የመጀመሪያ ልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤት። ባለቤቴ በጉን ከወትሮው ቀደም ብሎ ገዝቶ ግቢ ውስጥ አስሮታል። እህቴ ከአዳማ እንደምትመጣ ደውላለች። እኔ ጠላውን ጠምቄ፣ ሽንኩርቱን በከረጢት አስገብቼ ተዘጋጅቻለሁ። ልጄ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ፣ የመስከረም ገጽ አናት ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ሜዲሲን» ብላ ጽፋለች።

እናቴ ብቻ ናት እንደ ልማዷ በስልክ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የምትለው። እናቴን ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ ነው የሚላት። ነገ ጠዋት ሻይ እንጠጣለን ለማለት እንኳ «ቢፈቅድ» ስለምትጨምር ባለቤቴ ያሾፍባታል። «እቴቴ፣ ሻዩ ተፈልቶ እኮ ነው» ይላታል። እሷም «ተፈልቶ የፈሰሰ ሻይ አይተህ አታውቅም?» ትለዋለች።

ውጤቱ በጳጉሜን መገባደጃ መጣ። ኔትወርኩ ተጨናንቆ ስልኩ ቶሎ አልከፈት አለ። አምስታችንም ሳሎን ቁጭ ብለን ያቺን የምትሽከረከር ክብ እያየን ቆየን። በመጨረሻ ሲከፈት ልጄ አነበበችውና ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያመጣችው ከግማሽ በታች ነው።

«ለማን በጎ?»

ባለቤቴ ልጁን ይወዳል። የመጣለትን ቃል ተናገረ፤ «ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ለበጎ ነው» አላት። «ለማን በጎ?» አለችው። መልስ ሳትጠብቅ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

የኔ ጥፋት ግን ከእሱ ይብሳል። የዚያኑ ዕለት ማታ ጎረቤታችን አጥር ላይ ሆና «ውጤት ወጥቷል ይባላል፣ የልጅሽ እንዴት ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ገና አልመጣም፤ ኔትወርኩ አስቸገረን» አልኳት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። የልጄ መስኮት ግን ወደዚያው አጥር ነው የሚከፈተው።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለልጄ አስነብቤያታለሁ። ስሟን እንዳልጽፍ አስጠንቅቃ፣ ይህችን የአጥሩን ነገር ግን እንዳልተዋት አዘዘችኝ። «ከውጤቱ ይልቅ እሷ ናት ያመመችኝ» አለችኝ።

በዚያ ዓመት እንዲህ የሆነው ቤት የኛ ብቻ አልነበረም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ይፋ ያደረጋቸውን ውጤቶች ሁላችንም ሰምተናል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ የኔ ልጅ በተፈተነችበት በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስት ያህሉ ማለት ነው በዚያ በዓል አንገታቸውን የደፉት። እኔ ግን በዚያች ማታ ስለ ዘጠና አምስቱ አላሰብኩም። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ብቻ ነው ያሰብኩት።

የሽንኩርቱ ምሽት

እቴቴ በዋዜማው ከደብረ ብርሃን መጣች። በስልክ ነግረናት ስለነበር ምንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን አወለቀች፣ ሽርጥ አሸረጠች፣ ወጥ ቤት ገብታ ቢላዋ አነሳች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እዚህ ቤት ሽንኩርት የሚከትፍልኝ ልጅ የለም ወይ? ዓይኔ እንደሆነ ደክሟል» አለች።

ለአንድ ቀን ተኩል ያልተከፈተው በር ተከፈተ። አያት ጠርታ እንዴት ይቀራል?

የበዓል ዶሮ የሚፈጀውን ሽንኩርት ታውቁታላችሁ። ልጄ ጎድጓዳውን ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ መክተፍ ጀመረች። ትንሽ እንደቆየች ዕንባዋ መውረድ ጀመረ። ማንም ምን ሆነሻል አላላትም፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ለምን አለቀስሽ ተብሎ አይጠየቅም። እናቴ ይህን አስባ ይሁን ሳታስብ እስካሁን አልነገረችኝም። እኔ ግን ልጄ በልቧ የታመቀውን ያወጣችው በዚያች ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከረጢቱ ሲጋመስ እቴቴ ወሬ ጀመረች።

«እኔ በአንቺ ዕድሜ ምን መሆን ነበር የማስበው መሰለሽ?»

«አስተማሪ ነዋ።»

«አይደለም። ነርስ ነው። ነጩን ልብስ ሳይቀር አስቤዋለሁ።»

ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴ 12ኛ ክፍል የገባችው በ1967 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ሲጀመር ንጉሡ ወረዱ። ታኅሣሥ ላይ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአስተማሪው ጋር ወደ ገጠር ዘመተ። ስልሳ ሺህ ገደማ ነበሩ። እናቴም ደብተሯን አስቀምጣ ገበሬ ፊደል ልታስቆጥር ወጣች። ስትመለስ አገሩም ቤቱም ሌላ ሆኖ ጠበቃት። አባቷ ታመዋል፤ ታናናሾቿ የሚበሉት ይፈልጋሉ። ቶሎ ደመወዝ የሚገኘው በአስተማሪነት ነበርና አስተማሪ ሆነች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጣች።

«ማስተማሩን አልወደድሽውም ነበር?» አለቻት ልጄ።

«ኋላ ወደድኩት። መጀመሪያ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳኮረፍኩ ነው ያስተማርኩት። የነዚያን ዓመታት ተማሪዎች ባገኝ ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።»

ልጄ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ቢላዋውን አቁማ፣ «ታዲያ ለበጎ ነበር ማለት ነው?» አለች። ወጥመድ እንዳለው ጥያቄ ነበር።

እናቴ ቶሎ አልመለሰችም። «አብራኝ የዘመተች ጓደኛ ነበረችኝ፤ አልተመለሰችም» አለች። «እናቷ ፊት ቆሜ ለበጎ ነው ልላቸው ነው? አልልም። እግዚአብሔርም እንዲህ በይ ብሎ አላዘዘኝም። ለበጎ ነው የሚባለው በራስ ላይ ነው። እሱም ከቆየ በኋላ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ሲታጠፍ ፈጣሪ ከመታጠፊያው ወዲህ ብቻ አይደለም ያለው፤ ወዲያም አለ። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገብቶ አንድ ቢላዋ አነሳና ከልጁ ጎን ተቀመጠ። ምንም አላለም። ሦስቱም ሽንኩርት ከተፉ፣ ሦስቱም አለቀሱ።

አምስቱ ትርፍ ቀናት

በማግሥቱ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ ተባባልን። የሰፈሩ ሴት ልጆች አደይ አበባ ይዘው እየጨፈሩ መጡ፤ ወንዶቹ የሣሏትን ፀሐይ አድለው ሳንቲማቸውን ተቀበሉ። ቡና እየተፈላ ሳለ አራተኛ ክፍል የገባው ትንሹ ልጄ ጳጉሜን ለምን አምስት ቀን ብቻ እንደሆነች ጠየቀ። ሒሳብ አስተማሪ አያት ያለችው ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ መጠንቀቅ ነበረበት፤ እቴቴ ወዲያው ወረቀትና እርሳስ አስመጣች።

«አሥራ ሁለት ወር በሠላሳ ሲባዛ?»

«ሦስት መቶ ስልሳ።»

«ፀሐይ ግን ዓመቷን የምትጨርሰው በሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ከሩብ ነው። አምስቱ ቀን ከሩብ የት ይግባ?»

አምስቱ ጳጉሜን ሆኑ። ሩቦቹ ተጠራቅመው በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስተኛ ቀን ይሆናሉ። ልጁ ግን አልረካም። «ብንተዋትስ? ወር እንኳ አይደለችም። ደመወዝ የላትም ትላላችሁ» አለ። ይህችን ከአባቱ ነው የሰማት።

እቴቴ አስባዛችው። ጳጉሜን ብትቀር አዲስ ዓመት በየዓመቱ አምስት ቀን ከሩብ እየቀደመ ይመጣል። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ወደ ስድስት ወር ገደማ ይዛነፋል። ያን ጊዜ እንቁጣጣሽ የሚውለው በመጋቢት ፀሐይ ነው፤ ሜዳው ደርቆ፣ አደይ አበባ የሚባል ሳይታይ። «አየህ» አለችው፣ «አሥራ ሁለቱን ወር ቦታቸው ላይ ያቆመቻቸው ይህቺ የማትረባ የመሰለችህ ናት። አባቶች ከሠላሳ ቀን ልክ ያልገጠመውን አልጣሉትም፤ ቦታ ሠሩለት።»

ይህን ለትንሹ ነው የነገረችው። ትልቋ ግን ስኒ እያጠበች ትሰማ ነበር።

ብዙዎቻችን በዓመቱ መባቻ የምናቅደው ዕቅድ ጳጉሜን የለውም። በዚህ ወር ቤቱን እንጨርሳለን፣ በዚያ ወር ልጁ ይመረቃል፣ በሚቀጥለው ይዳራል እያልን ሁሉንም ሠላሳ ሠላሳ አድርገን እንደለድላለን። የሚታመም ሰው፣ የሚዘጋ መሥሪያ ቤት፣ የሚወድቅ ፈተና የሚያርፍበት ቀዳዳ አንተውም። ከዚያ ያልጠበቅነው ሲመጣ ዓመቱ ሁሉ የተበላሸ ይመስለናል። የእናቴ «ቢፈቅድ» የሽማግሌ ልማድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለዕቅዷ የምትቀጥልለት ጳጉሜን ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ኢንሻአላህ ሲሉም ያው ነው። ማቀድን መተው አይደለም፤ እቴቴ ለክረምቱ በርበሬዋን ሳታስፈጭ የከረመችበት ዓመት የለም። የዕቅዱ ባለቤት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

ዓመቱ እንዴት አለፈ?

እንደ ተረት አላለፈም። ሽንኩርት ተከትፎ፣ ምክር ተሰምቶ፣ በማግሥቱ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ልጄ ለመስቀል ደመራ አልወጣችም። ጓደኞቿ ሻንጣ ገዝተው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ስልኳን ዘግታ ሰነበተች። ለአቅም ማሻሻያው፣ ለሬሜዲያል ማለት ነው፣ የተቆረጠው ነጥብ ላይም አልደረሰችም። ከኔ ጋር ደግሞ ከ«እሺ» እና «አይ» ያለፈ ቃል አልነበራትም። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ቡና አፈላሁና ያቺን ጎረቤቴን ጠራኋት። ልጄ ባለችበት፣ ስኒው ገና ሳይቀዳ፣ «ያን ጊዜ ውጤቱ አልመጣም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። መጥቶ ነበር፤ አላለፈችም። አፍሬ ነው የዋሸሁሽ፤ ማፈር የነበረብኝ ግን በራሴ ነው» አልኳት። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ጎረቤቴ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ «የኔም ልጅ አልሆነለትም እኮ። አንቺ ገና አልመጣም ስትይኝ ጊዜ እኔም ለሰው ሁሉ አልመጣም እያልኩ ከረምኩ» አለችኝ።

ሁለት ወር ሙሉ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ሁለት ልጆች በየክፍላቸው ተዘግተው፣ ሁለት እናቶች ኔትወርኩን ሲያሙ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ የሳቀችው ልጄ ናት። ቀጥሎ ሁላችንም ሳቅን፤ በመሐሉ ማን እንዳለቀሰ አላስታውስም። ጎረቤቴ ስትወጣ ለልጄ «ኢንሻአላህ ሁለታችሁም ትቆማላችሁ፤ ነገ ወደኛ ነይና አናግሪው» አለቻት።

ሄደችም። በሳምንቱ ሁለቱ ልጆች ራሳቸው ተማክረው አንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደው ጠየቁ። እሱ የመኪና ጥገና፣ እሷ የኤሌክትሪክ ሥራ ተመዘገቡ። ባለቤቴ የሐኪም አባት ሊሆን የነበረ ሰው ነውና መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። እቴቴ በስልክ «ነርስ ሊሆን የነበረ ሰው ልጅ ነው ሚስት ያደረግከው፤ ምን ጎደለብህ?» ስትለው ዝም አለ። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ልጄ የአያቷን ወጥ ቤት ለዓመታት ብልጭ ድርግም ሲል የኖረ መብራት ወንበር ላይ ቆማ ሠራችው። እቴቴ ማብሪያውን ሦስት ጊዜ አበራች፣ ሦስት ጊዜ አጠፋች። ከዚያ ግንባሯን ሳመቻት። የዲግሪ ያህል ነው የተቆጠረላት።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት መውደቋ ለበጎ ነበር ልላችሁ አይደለም። እሷ አንድ ቀን ራሷ ትል ይሆናል፤ ላትልም ትችላለች። የቃሉ ባለቤት እሷ ናት። እኔ የምላችሁ መንገዱ ታጠፈ፣ ከታጠፈበት ወዲያም መንገድ ነበር፤ ብቻችንንም አልነበርንም።

ዘንድሮ ለምትጠብቁ

በዚህ ጳጉሜን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች የዘንድሮውን ውጤት እየጠበቁ ናቸው። በብዙ ቤት በግ ታስሯል፣ ዘመድ ተጠርቷል። በሌላው ቤት ደግሞ የሚጠበቀው የሐኪም ቤት ውጤት፣ የቪዛ መልስ ወይም ከዓረብ አገር የሚደወል የልጅ ስልክ ነው። ካለፈው ዓመታችን የተረፈችኝን ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ።

ወላጆች ሆይ፣ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ልጃችሁን አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ቢሳካም ባይሳካም በዓሉ በዓል ነው፣ በጉም ይታረዳል። የኛ ስህተት በጉን ከውጤቱ ጋር ማሰራችን ነበር። ውጤቱ ካልሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ቀጣዩ ዕቅድ አትቸኩሉ። ዳግም በግል መፈተን አለ፣ ነጥቡ ለሚፈቅድለት ሬሜዲያል አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፤ እነዚህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ይጠብቃሉ። የልጁ ልብ ግን አይጠብቅም። ከሁሉም በላይ ልጃችሁን ለጎረቤት አትደብቁት። የተደበቀ ልጅ ራሱን እንደ ነውር ነው የሚያየው።

እናንተ አያቶች ደግሞ ከኛ የሚበልጥ ሀብት አላችሁ፤ የታጠፈ መንገድ ሄዳችሁ አይታችኋል። ልጆቻችን የእናንተን ሕይወት ከጡረታ ደብተራችሁ ነው የሚያውቁት። በፊት ምን ልትሆኑ ታስቡ እንደነበር፣ ምን እንደቀረባችሁ፣ ስንት ዓመት እንዳኮረፋችሁ ንገሯቸው። ያዘናችሁበትንም አትዝለሉ። ያለ ኀዘን የተነገረ እምነት ለወጣት ጆሮ ስብከት ብቻ ነው፤ ዕንባ ያየ እምነት ግን ይያዛል። ቃል ካጣችሁም አትጨነቁ። ሽንኩርት አስከትፏቸው።

የኛን ቤት የዘንድሮውን ወሬ ልንገራችሁና ላብቃ። ልጄ ከኮሌጁ ጎን ለጎን እያጠናች ሐምሌ ላይ በግል ዳግም ተፈትናለች። የጎረቤቴም ልጅ እንዲሁ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ዘንድሮ ምንም አልጻፈችም፤ ጥፍር የምታክል የአምፖል ሥዕል ብቻ ጳጉሜን ላይ አለች። ትናንት ማታ ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ሆና «ውጤቱስ?» አለችኝ። «ገና አልመጣም» አልኳት፤ የልጄ መስኮት ተከፍቶ «እውነቷን ነው!» የሚል ድምፅ ወጣ።

እቴቴ ነገ ትመጣለች፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ። ሽንኩርቱን ገዝተናል።

ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም ያሸጋግራችሁ። መልካም አዲስ ዓመት!